ይሄ ገንዘብ የማን ነው?

ለሦስት ዓመት ስመረምር የኖርኩት ፋብሪካዎችን ብቻ ነው። ለእነሱ የሠራሁት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበረኝ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። ከመደበኛ ሥራ ከተገኘው ጥሬ ገንዘብ ላይ ለሕንፃና ለማሽን የወጣውን ቀንሶ ነጻ የገንዘብ ፍሰቱን ቁጭ ያደርግልኛል።

አንድ ሰኞ የአንድ ክልላዊ ባንክ የሂሳብ መግለጫ ተሰጠኝ። «አክሲዮኑን እንግዛ ወይስ እንተው? ሐሙስ ለኮሚቴው ታቀርባለህ» ተባልኩ። ቁጥሮቹን ሠንጠረዤ ውስጥ ከተትኳቸው። ነጻ የገንዘብ ፍሰቱ የተጣራ ትርፉን አምስት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ደግሜ ደመርኩ፤ ያው ነው። መቼም ባንክ ማሽን አይገዛ፣ ቢበዛ ቅርንጫፍ ቢያድስ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። «የትርፍ ድርሻውን በእጥፍ ማሳደግ ይችላል» ብዬም ጻፍኩ፤ ያውም በደማቅ ፊደል።

አለቃዬ ረቡዕ ከሰዓት አነበቡት። ምንም ሳይሉ የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ገልጠው የእርሳሳቸውን ጫፍ አንድ መስመር ላይ አሳረፉ፤ «የደንበኞች ተቀማጭ ጭማሪ» ይላል።

«ይሄ ገንዘብ የማን ነው?»

«የባን...» ብዬ ዋጥኩት።

ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ለባንክ ተቀማጭንም ብድርንም በመደበኛ ሥራ ሥር ነው የሚያስመዘግበው። ሰው ደመወዙን ሲያስቀምጥ የእኔ ሠንጠረዥ ባንኩ ገንዘብ አመነጨ ይላል፤ ባንኩ ሲያበድር ደግሞ ከሰረ ሊል ምንም አይቀረው። አለቃዬ ያለፈውን ዓመት አስገባ አሉኝ። ባንኩ ብዙ ያበደረበትና ጥሩ ያተረፈበት ዓመት ነበር። ውጤቱ በቀይ፣ በቅንፍ ወጣ፤ ከዜሮ በታች ማለት ነው።

«የአሜሪካኖቹ የሂሳብ ደረጃ አይሻልም?» አልኩ፣ ለመከራከር ያህል። እዚያ ተቀማጭ ከፋይናንስ፣ ብድር ደግሞ ከኢንቨስትመንት ክፍል ይገባል። «ሊሸጥ የተዘጋጀ የቤት ብድርስ?» አሉኝ። እሱ መደበኛ ሥራ ውስጥ ነው። ሽያጩ ከዲሴምበር ወደ ጃንዋሪ ቢንሸራተት የዓመቱ ቁጥር ይገለበጣል።

ከዚያ የአሜሪካውን ሲሊከን ቫሊ ባንክ አነሱ። ተቀማጩ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ 62 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ 189 ቢሊዮን ደረሰ። በእኔ ስሌት ቢሆን አንደኛ ነበር የሚወጣው! ብዙውን ገንዘብ ወለዱ አነስተኛ በሆነ የረጅም ጊዜ ቦንድ ላይ አዋለው፤ በ2022 የወለድ ተመን ሲያሻቅብ የቦንዶቹ ዋጋ ወረደ። ማርች 9 ቀን 2023 ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። በማግስቱ ተዘጋ።

ሌሊቱን ሁሉንም እንደገና ሠራሁት። ባንኩ ለተቀማጭ የሚከፍለው ወለድ ከብድር ከሚሰበስበው አንጻር እንዴት እየሄደ ነው? ለተበላሸ ብድር የያዘው መጠባበቂያስ? ዋናው ግን ካፒታሉ፣ ማለትም የባለአክሲዮኖቹ የራሳቸው ገንዘብ ነው። ብድር ባደገ ቁጥር ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ካፒታልም አብሮ ያድጋል፤ ለባለአክሲዮን ሊከፈል የሚችለው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። ስቀንሰው የተረፈው ለነባሩ የትርፍ ድርሻ እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነበር። በዚያ አያያዝ ካፒታሉን ለማሟላት አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ መገደዱ አይቀርም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ስብሰባው ስንገባ አለቃዬ በር ላይ ያዝ አደረጉኝ።

«ያቺ ደማቋ ዓረፍተ ነገር የት ገባች?»

«አጠፋኋት።»

«አስቀምጣት እንጂ» አሉና እየሳቁ ገቡ።