የግራው ገጽ ብቻ፦ የባለቤቴን ቤተ ዘመድ በሩሲያ ግዛት የሰፋሪዎች መዝገብ ውስጥ እንዴት እንዳገኘሁ

የባለቤቴ የአባት ወገኖች በ1874 ከሩሲያ ግዛት ተነሥተው ካናዳ፣ ማኒቶባ የገቡ፣ ሜኖናይት የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ናቸው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጆቻችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ሲቆጥሩ በእናታቸው በኩል ግን ከስደቱ ወዲያ ያለውን የሚያውቅላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ነገሩ ይከነክነኝ ነበርና ፍለጋውን ጀመርኩ። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት በተረፈልኝ ነበር።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። አገር ቤት ሜኖናይት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የናዝሬቱን ሆስፒታልና የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ነው። ወደ እኛ አገር የመጡት ሚስዮናውያን ግን በአብዛኛው ከስዊዘርላንድና ከደቡብ ጀርመን ወደ ፔንስልቬንያ ከተሰደዱት የሚወለዱ ሲሆኑ፣ የባለቤቴ ወገኖች ከኔዘርላንድ ተሰደው፣ በዳንዚግ (በዛሬዋ ግዳንስክ፣ ፖላንድ) አቅራቢያ በቪስቱላ ወንዝ ዳር ብዙ ትውልድ ኖረው፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ የዘለቁ ናቸው። እምነቱ አንድ ቢሆንም ወረቀቱ ያለበት ቦታ ፈጽሞ ስለሚለያይ፣ የየትኛውን ወገን ዘር እንደምትፈልጉ ሳትለዩ አንድ ሳንቲም እንዳታወጡ።

ዳግማዊት ካትሪን በ1763 ባወጣችው አዋጅ የውጭ አገር ሰዎች ሃይማኖታቸውን እንደያዙ፣ ከውትድርናም ነፃ ሆነው በግዛቷ እንዲሰፍሩ ጠራች። ሜኖናይቶች በ1789 ዛሬ የዩክሬን ከተማ ዛፖሪዥያ ባለችበት ስፍራ ኮርቲትሳ የተባለውን፣ በ1804 ደግሞ ሞሎችና የተባለውን የመንደሮች ሰፈራ መሠረቱ። ለአንድ አባወራ የሚሰጠው መሬት 65 ዴሲያቲን፣ ማለትም 71 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ ይህ ይዞታ ለልጆች ተቆራርሶ አይከፋፈልም ነበር። መንግሥቱ እነዚህን ሰፋሪዎች ከሌላው ገበሬ ጋር ከመደባለቅ ይልቅ ለብቻቸው የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አቆመላቸው፤ እርሱም በ1818 ወደ ኮሚቴነት ተለውጦ በኋላ መቀመጫውን ኦዴሳ አደረገ። ሻቦ በተባለ መንደር የሰፈሩ ስዊሶች፣ ቡልጋሮች፣ ሉተራንና ካቶሊክ ጀርመኖች ሁሉ በዚሁ ሥር ነበሩ። ለይቶ ስላስተዳደራቸው ለይቶ መዘገባቸው፤ ስለዚህ የኮሚቴው ማኅደር ዛሬ በኦዴሳ ክልል ቤተ መዛግብት በፎንድ (በማኅደር ክፍል) 6 ሥር፣ ከእርሱ በፊት የነበረው መሥሪያ ቤት ወረቀት ደግሞ በድኒፕሮ በፎንድ 134 ሥር ይገኛል።

የዘር ፍለጋ መመሪያዎች «ከጥምቀት መዝገብ ጀምሩ» ይላሉ። ለሉተራን ሰፋሪዎች ምክሩ ትክክል ነው፤ ከ1833 እስከ 1885 ያለው የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ግልባጭ በየዓመቱ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይላክ ስለነበር እዚያ ተቀምጧል። ሜኖናይቶች ግን የሚያጠምቁት አምኖ የጠየቀን ጎልማሳ እንጂ ሕፃንን ስላልሆነ፣ በዚህ ምክር የሚሄድ ሰው የሌለ መዝገብ ሲፈልግ ይከርማል። እኔ የምመክረው በግብር ቆጠራው፣ ማለትም መንግሥት ግብር ለመጣል ሕዝቡን ቤት በቤት በሚጽፍበት መዝገብ፣ እንድትጀምሩ ነው።

የመንደሩን ስም ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ብሉመኖርት መሆኑን የባለቤቴ አክስት ከአባታቸው ሰምተው ያስታውሱ ነበር። ማኒቶባም ውስጥ በ1874 የተመሠረተ ብሉመኖርት ስላለ፣ እኛ የምንለው የሞሎችናውን መሆኑን ከስደቱ ዘመን አረጋገጥኩ። የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም በ1835ቱ ቆጠራ ማውጫ ውስጥ ማግኘትም ቀላል ነበር። መከራው የመጣው የገጹን ቅጂ ሳዝዝ ነው።

ቅጂውን ያዘዝኩት እዚሁ ሰሜን አሜሪካ ለሚገኝ፣ እንዲህ ያለ ሰነድ እያባዛ ለሚሸጥ ድርጅት ነው። ከፈልኩ፤ ከረጅም ጥበቃ በኋላ አንድ ምስል ተላከልኝ። በምስሉ ላይ የቤቱ ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ በ1816ቱ ቆጠራ የነበረው ዕድሜ 22፣ አሁን 41፤ ከሥሩ ሦስት ወንዶች ልጆች፣ የ17፣ የ14 እና የ5 ዓመት። ሚስት የለችም፤ ሴት ልጅም የለችም። የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ ስለነበር የቅጠሉ ቁጥር እንኳ አይታይም።

የሩሲያን የግብር ቆጠራ መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወንዶች የሚጻፉት በግራው ገጽ፣ ሴቶች የሚጻፉት ፊት ለፊት ባለው በቀኙ ገጽ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በሁለቱ ገጾች ላይ ትይዩ ይነበባል። ድርጅቱ የቤተሰቡን ግማሽ ቆርጦ ሸጦልኝ ነበር። ይህንን ስጽፍላቸው የመጣልኝ መልስ «የጠየቁት ሰው ያለበት ገጽ ተልኳል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ደግሜ ስጽፍ አንድ ሠራተኛ፣ ሴቶች ግብር ስለማይከፍሉ አልተመዘገቡም ሲል አስረዳኝ። ይህ ለ1811ዱ ቆጠራ እውነት ነው፤ ያን ጊዜ የተቆጠሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። በ1816ም በ1835ም ግን ሴቶች ተጽፈዋል። ይህን በዝርዝር ብገልጽለትም፣ ማውጫው ለዚህ ስም የሚያሳየው አንድ ምስል ብቻ ስለሆነ ሌላውን ከፈለግሁ አዲስ ማመልከቻ አስገብቼ እንደገና እንድከፍል ነገረኝ። የሴትየዋን ስም ጻፍልን አለኝ፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ያንኑ ስሟን ነበር!

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የገንዘቡ ነገር አይደለም። መዝገቡን ለማያውቅ ሰው ያ ግማሽ ገጽ ሙሉ ይመስላል፤ ስንቱ ሰው እናቶቹን በዚህ ዓይነት አጥቶ፣ «በዚያ ዘመን ሴት አትመዘገብም ነበር» ብሎ ለልጆቹ እንዳስተላለፈ ማሰብ ይከብደኛል። ሰነድ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ሰነድ አቀማመጥ የማወቅ ግዴታ አለበት።

በብዙ መመላለስ፣ ከአለቃው ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ፣ ቀኙ ገጽ መጣ። ሚስቱ ሄለና፣ ዕድሜዋ 27፤ ሁለት ሴቶች ልጆች፣ የ12 እና የ2 ዓመት። የ27 ዓመት ሴት የ17 ዓመት ልጅ ልትወልድ አትችልም። በግራው ገጽ የአንዲት እናት ልጆች የመሰሉት፣ ትልልቆቹ ከሞተች ሌላ ሚስት የተወለዱ ነበሩ፤ የባለቤቴ ወገን ደግሞ የሚወርደው ከ14 ዓመቱ ልጅ ስለሆነ፣ ሄለና የእንጀራ እናቱ እንጂ የእኛ ልጆች አያት አይደለችም ማለት ነው። አክስታቸው ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው፣ በመጨረሻ «እንግዲያውስ የፊተኛዋን ፈልግልና» አሉኝ።

የፊተኛዋን ለመፈለግ የሚረዳው ሰነድ በመመሪያዎች ውስጥ እምብዛም አይነገርም። ሜኖናይቶች ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ንብረት የሚጠብቅ የራሳቸው መሥሪያ ቤት ነበራቸው። አንድ ሰው ሚስቱ ሞታ ሌላ ሊያገባ ሲል፣ አስቀድሞ ንብረቱ ተገምቶ የልጆቹ ድርሻ፣ ወንድ ሴት ሳይባል እኩል፣ ሊለይላቸው ግድ ነበር፤ ሞግዚትም ይሾምላቸዋል። ስለዚህ ጥምቀት ያልመዘገባትን እናት ርስት ይመዘግባታል። በሞሎችና ያለውን የማኅበረሰቡን ወረቀት ፒተር ብራውን የተባለ መምህር ከአብዮቱ በኋላ ሰብስቦ በ1929 መንግሥት ወረሰው፤ ጠፋ ሲባል ኖሮ በ1990 ኦዴሳ ውስጥ ተገኘና ማይክሮፊልም ተነሣ። ፊልሙ ዊኒፔግም ስላለ፣ ስሟን ለማግኘት ውቅያኖስ መሻገር አላስፈለገኝም።

ለእኛ ቀለል የሚሉ ነገሮችም አሉ። ልጁ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም መያዙ ለአበሻ ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነው፤ ተመሳሳይ ስም ከበዛበት መንደር ውስጥ ሰው የምንለየውም በዚሁ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሩሲያ ትጠቀምበት በነበረው አሮጌ አቆጣጠርና በምዕራባዊው መካከል የነበረው የ12 ቀን ልዩነትም አያስደነግጠንም። የሚያስቸግረው ሩሲያኛ የ«ሀ» ድምፅን በ«ገ» መጻፉ ነው፤ ሃልብሽታትን ጋልብሽታት፣ ሂልደብራንትን ጊልደብራንት ብላችሁ ፈልጉ።

«ተረጋግታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሥሩ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበለውም። በኅዳር 2022 የሩሲያ ጦር ከኬርሶን ሲወጣ የክልሉን ቤተ መዛግብት ሰነዶች ጭኖ ሄዷል፤ የሞሎችና መንደሮችም ዛሬ በጦርነቱ ቀጠና ውስጥ ናቸው። በበይነ መረብ የተለቀቀውን ሁሉ ዛሬውኑ አውርዱ፤ ማንበቡ ይደርሳል። ቅጂ ስታዝዙም በማመልከቻው ላይ የሰው ስም ብቻ ጽፋችሁ አትተዉ፤ «የቤት ቁጥር ይህን፣ ግራና ቀኙን ገጽ ሳይቆረጥ፣ ከፎንድ፣ ከኦፒስ (ከዝርዝር)፣ ከዴሎ (ከፋይል) እና ከቅጠል ቁጥሩ ጋር፤ ቤተሰቡ ወደሚቀጥለው ቅጠል ካለፈ ያንንም ጭምር» ብላችሁ ጻፉ፣ ይህንንም በጽሑፍ እስኪቀበሉ ድረስ አትክፈሉ።