የባለቤቴ መንጋጋና የኢንሹራንሱ ደብዳቤ

ዛሬ ጠዋቴን በሙሉ ስልክ ላይ አሳለፍኩ።

ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴን መንጋጋዋን አሟት ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ከኢንሹራንሳችን ማውጫ «በኔትወርክ ውስጥ» (ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው) የተባለ ሐኪም መርጠን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰድኳት። ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) እና ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ተሠራላት። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ስለሆነ 1,140 ዶላር ክፈሉ ይላል።

ችግሩን ያገኘችው ዛሬ ያነጋገርኳት ሦስተኛዋ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ናት። ሐኪሙ ሁለት ክሊኒክ ይሠራል፤ ውሉ የተመዘገበው ግን በአንደኛው አድራሻና የግብር ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው ያው ሰው፣ እጁም ያው እጅ! ማውጫው ላይ ሁለቱንም አድራሻ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ በምን እንወቀው?

ደግነቱ ባለቤቴ ያን ዕለት ገጹን ስክሪንሾት አንስታው ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን አያይዤ፣ የጥሪውን መለያ ቁጥር ጽፌ ይግባኝ ላክሁ። እምቢ ካሉ ኢንሹራንሶችን ለሚቆጣጠረው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር፣ አቤት እላለሁ። (ወጪውን አሠሪያችሁ ራሱ የሚሸፍነው ዕቅድ ከሆነ ግን አቤቱታው የሚሄደው ወደ ፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው።)

አንጀቴን ያሳረረኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ስንት እናቶችና አባቶች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ደንግጠው ዝም ብለው ይከፍላሉ!

የደረሳችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ የይግባኙን ቅጽ አብረን እንሞላለን።