ዛሬ ጥሩ ነገ መጥፎ የሚሉን የምግብ ጥናቶች ጉዳይ

እንቁላል ጥሩ ነው፣ አይ እንቁላል ልብ ይጎዳል፣ ቆይ ቆይ እንቁላል ተመልሶ ጥሩ ሆኗል። ቡናም እንደዛው፣ ቅቤም እንደዛው። ሰው ሰልችቶት "ኧረ እነሱም አያውቁትም" ብሎ የፈለገውን ቢበላ አልፈርድበትም። ግን ችግሩ "ጥናት" በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ውስጣቸው ጭራሽ ስለማይገናኝ ነው፣ ስለዚህ እኔ አሁን አሁን የምግብ ዜና ሳይ ከአርዕስቱ በፊት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ሰዎቹ ሲበሉ ማን አየ?

ምክንያቱም አብዛኛው ዜና ከመጠይቅ የሚመጣ ነው። "ባለፈው አመት ለውዝ በሳምንት ስንት ጊዜ በላህ? በአንዴስ ምን ያህል?" ይሉሃል። ትናንት ማታ የበላሁትን በቅጡ የማላስታውስ ሰውዬ ያለፈውን አመት ለውዝ ልቁጠር እንዴ? በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ የተሰራ አንድ ጥናት አለ፣ በቀን ከ1200 ካሎሪ በታች እየበላን እንኳን አልቀንስ አልን ያሉ ወፍራም ሰዎችን ይዘው ሰውነታቸው በትክክል ምን ያህል ኃይል እንደሚያቃጥል ለኩ (ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ ምልክት የተደረገበት ውሃ አጠጥተው ከሽንት የሚለኩበት ዘዴ ነው፣ ጉደኛ ነገር)። የተገኘው፣ ሰዎቹ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ ቀንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደሞ 51 በመቶ ጨምረው ነበር የሚናገሩት። ሜታቦሊዝማቸው (ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል ቀይሮ የሚያቃጥልበት ሂደት) ምንም አልሆነም። ውሸታሞች ናቸው ማለቴ አይደለም፣ እንዲህ የምንሆነው ሁላችንም ነን፣ መጠኑ ነው ሚለያየው።

ማስታወሱ ላይ ችግር ባይኖር እንኳን ሌላ ጣጣ አለ። አትክልት የሚያበዛ ሰው ባብዛኛው ሲጋራ አያጨስም፣ ይንቀሳቀሳል፣ ሀኪም ጋር ይሄዳል፣ እና ረጅም እድሜ ሲኖር ምስጋናው ለየቱ ነው? በዚህ የተነሳ የደረሰውን ላውራ። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ሲቀንስባቸው ታየ፣ ደማቸው ውስጥም ቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው፣ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር) በዛ ያለ ነው፣ በቃ ቤታ ካሮቲኑ ነው ተባለ። ከዛ ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶችን ወስደው ለግማሾቹ የቤታ ካሮቲን ክኒን ሰጧቸውና ለአመታት ተከታተሉ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ጨምሮ! አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እየሞከሩ የነበሩትም በ1996 ጥናቱን ከጊዜው በፊት አቆሙት። ቪታሚን ስለሆነ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ ይቺን ነው ማወራላቸው።

አሁን ወደምወደው ጥናት ልምጣ። ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ የአሜሪካ ብሄራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ እያለ የሰራው ነው፣ የታተመው በ2019። 20 ሰዎች (10 ወንድ 10 ሴት) ሆስፒታል ውስጥ ለ4 ሳምንት አስተኝተው ሁለቱን ሳምንት አልትራ ፕሮሰስድ የሚባለውን ምግብ፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ እቤት ኪችን ከማይገኙ ነገሮች ጋር ተቀነባብሮ የሚወጣውን፣ ሁለቱን ሳምንት ደሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አበሏቸው። በየቱ እንደሚጀምሩ በእጣ ነው። እና ዋናው ብልሃት ምን መሰላችሁ፣ የሚቀርበው ምግብ በካሎሪም፣ በስኳርም፣ በስብም፣ በጨውም፣ በፋይበርም እኩል እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሰናዳው፣ የፋብሪካው ምግብ ፋይበር ስለሌለው መጠጡ ውስጥ ሁሉ እየበጠበጡ ጨምረውለታል። ከዛ እስክትጠግቡ ብሉ፣ ከፈለጋችሁ ተዉት አሏቸው። የተረፈው ይመዘናል። ሰዎቹ ክብደታቸው አይነገራቸውም፣ ሰፋ ያለ ልብስ ነው ሚለብሱት፣ እንዳይነቁ።

በፋብሪካው ምግብ ሳምንታት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። በሁለት ሳምንት በአማካይ 0.9 ኪሎ ጨመሩ፣ በሌላው ደሞ እዛው 0.9 ኪሎ ቀነሱ። ጣፍጧቸው ነው እንዳትሉ፣ ሲጠየቁ ሁለቱንም ምግብ የወደዱት ተቀራራቢ ነው። ግን የፋብሪካውን በፍጥነት ነበር የሚበሉት፣ ለስላሳ ነው፣ ብዙ ማኘክ የለውም፣ ሆድ ጠገብኩ ብሎ ሳያስታውቅ ትሪው ባዶ ሆኗል። ባልተነካካው ምግብ ጊዜ ደሞ ረሀብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ቀንሶ፣ ጥጋብ የሚሰጠው ፒዋይዋይ ጨምሮ ታይቷል።

ያው 20 ሰው ነው፣ ሁለት ሁለት ሳምንት ነው፣ ከ20 አመት በኋላ ልብህ ምን እንደሚሆን ይሄ አይነግርህም። ለዛ ለዛ እነዛ የተማረርኩባቸው መጠይቆች የግድ ናቸው፣ ሰውን 20 አመት ዘግቶ ማብላት አይቻልማ። ስለዚህ መጠይቅ ሁሉ ቆሻሻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሲጋራና ካንሰርን ያገናኘው በላቦራቶሪ ተዘግቶ ያጨሰ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ የሲጋራው አደጋ ብዙ እጥፍ ነው፣ የምግቡ ባብዛኛው ጥቂት በመቶ ነው፣ እና ጥቂት በመቶ በቀላሉ ማስታወስ አቅቶን ከምንሳሳተው ሊመጣ ይችላል።

በመቶ ሲባል ደሞ ሌላ ነገር። በ2015 የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ስጋ ካንሰር ያመጣል ብሎ ሲመድብ፣ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን በ18 በመቶ ይጨምራል አለ። ሰው ይሄን ሲሰማ ከመቶ 18ቱ ይታመማሉ ብሎ ነው ሚደነግጠው። ከመቶ ሰው 5ቱ የሚያዙበት አገር ቢሆን 18 በመቶ ጨመረ ማለት ወደ 6 ሆነ ማለት ነው። ምንም አይደለም ብላችሁ ዝለሉት አላልኩም፣ ግን የዜናው ድንጋጤና ቁጥሩ አይመጣጠኑም።

ወደ ፋብሪካው ምግብ ስመለስ፣ ምግብን በመቀነባበሩ መጠን የሚመድበውን አከፋፈል ያመጡት ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴይሮና የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ እና እኔን የማይመቸኝ ለስላሳ መጠጥና በፋብሪካ የተጋገረ የጥቁር ዱቄት ዳቦ አንድ ቅርጫት ውስጥ ሊገቡ መቻላቸው ነው። በ2025 የለንደን ተመራማሪዎች ይሄንን ፈተሹት። 55 ሰዎች፣ እያንዳንዱ አመጋገብ 8 ሳምንት፣ ምግቡ እቤታቸው ድረስ እየመጣላቸው፣ እና ሁለቱም አይነት የእንግሊዝ መንግስት ጤናማ ነው ያለውን የአመጋገብ መመሪያ እንዲያሟላ ተደርጎ። የፋብሪካውን ሲበሉም ራሱ ክብደታቸው ቀነሰ! ወደ 1 በመቶ። ያልተነካካውን ሲበሉ ግን ወደ 2 በመቶ። ከዚህ አንድ ጥናት "አልትራ ፕሮሰስድ ምግብ ያከሳል" የሚልም "ያልተነካካው ምግብ በእጥፍ ያከሳል" የሚልም አርዕስት መስራት ይቻላል፣ ሁለቱም ደሞ ውሸት አይባሉም። እኔን የሳበኝ ከኪሎው ይልቅ ሌላው ነው፣ ያልተነካካውን ሲበሉ የነበሩት አምሮታቸውን መቆጣጠር ቀሎን ነበር ብለዋል። ያው ይቺኛዋም ከመጠይቅ ነው የመጣችው።