ቃሌን በግ በላው

ለተማሪዎች ኅብረት፣ ለዚያውም ለትምህርት ጉዳዮች ተጠሪነት ልትወዳደሩ ካሰባችሁና ግቢያችሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጣሉት ከተቀናቃኛችሁ ጋር ሳይሆን የቅስቀሳ ፖስተር ከምትለጥፉበት ፕላስተር ጋር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳር ጠዋት ግድግዳው ውርጭ ስላዘለ ፕላስተር አይዝም። የያዘ ቢመስልም ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ጠርዙን ያነሳል፤ ከሰዓት ያ የምታውቁት ነፋስ ይመጣና ፖስተራችሁን ጠባሴ ሰፈር ያደርሰዋል።

መድኃኒቱ የዱቄት ማጣበቂያ ነው። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። በሙቅ ከጀመራችሁ ይጓጉላል። ከዚያ ሦስት ስኒ የፈላ ውሃ እየጨመራችሁ በቀስታ እሳት አማስሉት፤ እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርዱት። ሲቀዘቅዝ ግድግዳውንም የወረቀቱንም ጀርባ ቀቡና ከመሃል ወደ ጠርዝ በጨርቅ እየጫናችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚህ በኋላ ነፋስ አያነሳውም።

የሚያነሳው በግ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከግቢው በር ውጭ፣ ተማሪ ሻይ የሚጠጣበት አጥር ላይ የለጠፍኩትን አንድ የመንዝ በግ ዱቄቱ ሸተተውና ከታች ጀምሮ ላሰው፣ ከዚያ ገነጠለው፣ ከዚያ አኘከው። ቁመቱ እስከ ወረቀቱ ግማሽ ብቻ ስለደረሰ ፎቶዬንና ስሜን ትቶ፣ ከሥር የተዘረዘረውን ቃል የገባሁትን በሙሉ በላ። የበጉ ባለቤት ደግሞ "አንተ ልጅ፣ ቀለሙ በጌን ቢገድልብኝስ?" ብለው ተቆጡኝ። ከአጥር ውጭ ስትለጥፉ የወረቀቱ የታችኛው ጠርዝ ከደረታችሁ በላይ ይዋል። ሰፈሩ ፍየል ካለበት ግን አትድከሙ፤ ፍየል ትቆማለች።

ለነገሩ በጉ ከበላው የባሰ ቃልም ሰምተናል። አንዱ ተወዳዳሪ የመውጫ ፈተናን አስቀራለሁ ብሎ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጥ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ የሆነ አገር አቀፍ ፈተና ነው። የአንድ ግቢ ተጠሪ ሊያስቀረው ቀርቶ በአንድ ሰዓት እንኳ አይገፋውም። ተጠሪ የሚችለው ሞዴል ፈተና እንዲዘጋጅ፣ ላይብረሪው በፈተና ሰሞን እስከ ሌሊት እንዲከፈት፣ ሳይሸፈን ላለፈ ምዕራፍ ማካካሻ እንዲሰጥ መወትወት ነው። ይህን ስናገር አዳራሹ አዛጋ።

ጥያቄ ሲፈቀድማ ትምህርት የሚባል ነገር ተረሳ። "ሽሮው ለምን ቀጠነ?" "የቁርስ ዳቦ ለምን አነሰ?" አንድ ፍሬሽ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ብድግ ብሎ ብርድ ልብስ ጠየቀ፣ ያውም ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ! "እኔ የምወዳደረው ለትምህርት ጉዳይ ነው" ብትሉ ሰሚ የለም። የሚያዋጣው መልስ ይህ ነው፦ "ሽሮው የካፌ ኮሚቴ ነው፤ እኔ ግን ቲቸር ሰዓት እያሳለፈ ምሳ እንዳያመልጣችሁ አደርጋለሁ።" የክፍል ሰዓት መከበር ዋና የትምህርት ጉዳይ ነው፤ ያስጨበጭባልም።

ዶርም ለዶርም ስትዞሩ ከእራት በፊት ይሁን፤ ከእራት በኋላ ግማሹ ላይብረሪ፣ ግማሹ ፊልም ላይ ነው። የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩን፣ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ወንድ ከሆናችሁ ሴቶች ብሎክ አትገቡምና እዚያ የምትቀሰቅስላችሁ እህት ከሌለች ግማሽ ግቢ አታገኙም። ደጋፊዎቻችሁን ደግሞ ድምፅ መስጫው ላይ ምልክት ብቻ አድርጉ በሏቸው። የኔዎቹ ከራይት ምልክቱ ጎን "እሱ ይሁን፣ ጎበዝ ነው" እያሉ ጽፈው፣ ቆጣሪዎቹ ጮክ ብለው እያነበቡ ውድቅ አደረጉት። እንደዚያ በአደባባይ ተመስግኜ አላውቅም።

ብቻ እንደምንም አለፍኩ። ሥራው ታዲያ አብዛኛው ወረቀት ነው። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ይገፋልን የሚል ክፍል ከመጣ ፊርማውን ከመቀበላችሁ በፊት ኮርሱን አድ ያደረጉ፣ ማለትም ከሌላ ክፍል መጥተው የሚወስዱ፣ ተማሪዎች እንዳሉ ጠይቁ። ስልሳው ተስማምቶ ፈተናው ወደ ሐሙስ ሲዞር፣ ከሌላ ባች መጥተው የሚማሩት ሦስቱ ሐሙስ በዚያው ሰዓት የራሳቸው ፈተና አላቸው፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከዜሮ።

የውጤት ቅሬታ ደግሞ ደረጃ አለው። ተማሪው መጀመሪያ ወረቀቱን ከመምህሩ ጋር ይይ፤ ካልተስማማ የትምህርት ካላንደሩ የሰጠው ቀን ሳያልፍ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ እጁ ያስቀር። "ሰጥቻለሁ" ብቻ ማለት ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ድጋሚ የሚታረም ወረቀት ወደ ላይ ብቻ እንደማይሄድ ንገሩት።

የመጀመሪያው ባለጉዳዬ 59 አምጥቶ ሲ የተሰጠው ልጅ ነበር። ሲ ፕላስ ከ60 ይጀምራል፣ አንዲት ነጥብ! ወረቀቱ እንደገና ታረመ፤ ሲደመር ስህተት ተገኘበት፤ 57 ሆነ። ሲ ነበር፣ ሲ ሆኖ ቀረ። ልጁ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "ለዚህ ነው የመረጥኩህ?" አለኝ። የተቀናቃኜ ዋና ቀስቃሽ እሱ ነበር።