ቲቸር፣ ካሮቱ ደረሰ?

ሰኔ ሊያልቅ ነው። ትናንት የልጆቹ የመጨረሻ ቀን ነበር። ዛሬ ግቢው ጭር ብሏል፤ እኔ ግን ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ቆስጣው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው።

የማስተምረው አዲስ አበባ፣ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ኦ ክፍል። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት ማሳ ነበር። አሁን ልጆቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚያድጉት፤ አፈር የሚነኩት ሲወድቁ ብቻ ነው። መስከረም ላይ "እንጀራ ከየት ይመጣል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ከሱቅ!" አሉ በአንድ ድምፅ። አንዷ ብቻ "አይደለም፣ ከእማዬ" አለች። በዚያው ሳምንት ከክፍላችን ጀርባ ያለችውን፣ ሁለት አልጋ የማታክል ክፍት ቦታ ከልጆቹ ጋር አትክልት ልተክልባት ለመንኩና ተፈቀደልኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ አላሰብኩም ነበር። የትምህርት ዓመቱና ዝናቡ አይገናኙም። ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆቹ ሲመለሱ ዝናቡ ይሄዳል። በጋውን ሙሉ በእጅ ማጠጣት ነው፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጆቹ ከምሳ በፊት እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ በባልዲ መያዝ ጀመርን። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳስተን ማጠጫ ሠራን። ሃይላንዱ ግማሽ ሲሞላ ለአምስት ዓመት ልጅ ልክ ነው፤ ሙሉው ይከብዳቸዋል፣ ከዚያ ሁሉም ጫማቸው ላይ ይፈሳል።

አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በጋ ላይ የልጅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። ምን እንደማደርግ ያሳዩኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ልጆቹም እኛም አባባ ነው የምንላቸው። ከዘበኝነት በፊት እዚሁ አካባቢ አራሽ ነበሩ። "መደቡን ከፍ አድርጊው ልጄ፣ ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩን ያበሰብሰዋል" አሉኝ። ፍግ ከየት እንደሚገኝም እሳቸው ያውቃሉ። ብስባሹን ደግሞ ከመጋቢ እናቶች አገኘን። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለ ኩሽናው የሽንኩርት ልጣጭና የድንች ልጣጭ አያጣም። እሱን ከደረቅ ሣርና ከፍግ ጋር እያነባበርን ከመርን። አንድ ቀን ጠዋት አባባ ክምሩን በአካፋ ሲገልጡት እንፋሎት ወጣ። ልጆቹ "ቲቸር፣ እየበሰለ ነው!" ብለው ጮኹ። እውነት አላቸው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ልጣጩን ሲበሉት ክምሩ ይሞቃል፤ በደንብ ከተሠራ መሃሉ 60 ዲግሪ ድረስ ይደርሳል። በየተራ እጃቸውን አስጠግተው ሞቁት።

ቲማቲም መትከል የኔ ሐሳብ ነበር። ቀይ ስለሆነ ይወዱታል ብዬ ነው። አባባ "ይሄ ለውርጭ ነው፣ ጎመን ይሻልሻል" ብለውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ስንመጣ ሁሉም ጠቁሮ ተኝቷል። ጎመኑ ምንም አልሆነም። አንድ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና ሹራቡን አውልቆ ቲማቲሙ ላይ ጣል አደረገበት። "በርዶት ነው" አለ። አልከለከልኩትም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በየእረፍቱ እየሄደ እየገለጠ ያየው ነበር። ይህን ከየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ አስተምረው ነበር?

ካሮቱ ሌላ ታሪክ ነው። አንዲት ልጅ በየቀኑ እየነቀለች ታየዋለች፣ ከዚያ መልሳ ትተክለዋለች። "ቲቸር፣ ካሮቱ ደረሰ?" "አልደረሰም።" በማግስቱም ያው ነው። ካሮት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ለእሷ ሦስት ወር ማለት ዘላለም ነው። መጀመሪያ ልቆጣት ነበር። ኋላ ግን አንድ መስመር ለብቻዋ ሰጠኋትና "ይሄ ያንቺ ነው፣ የፈለግሽውን አድርጊው" አልኳት። አብዛኛው ደረቀ። አንዱ ግን ተረፈና ሁለት እግር አውጥቶ፣ ሱሪ የለበሰ ሰው መስሎ ወጣ። ካሮት ትንሽ ሆኖ ሥሩ ከተነካ እንዲህ ይከፈላል። በወረቀት ጠቅልላ ይዛው ሄደች። እናቷ በሳምንቱ አግኝታኝ "ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም" አለችኝ።

እዚህ ላይ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እኔ በደርግ ጊዜ ስማር እርሻ የሚባል ትምህርት ነበረን። የማስታውሰው ግን ትምህርቱን አይደለም። አርፍዶ የመጣ ይቆፍራል። የረበሸ ይኮተኩታል። ስለዚህ መቆፈሪያ ስናይ ቅጣት ነበር የሚመጣብን። ያን የመሰለ ለም መሬት እያለን የአገሬ ልጆች መሬት መንካትን እንደ ውርደት ቆጥረን አደግን። ዘንድሮ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያረፈደ ልጅ አረም እንዲነቅል ወደኛ መደብ ሲልክ ሳይ ደሜ ፈላ። ልጁን እጁን ይዤ ወደ ክፍሉ መለስኩት። "ምን አለበት፣ ይጠቀማል እንጂ" ተባልኩ። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። የፈለገ ቅጣት ይኑር፣ እዚህ ቦታ አይሁን።

ሌላም አለ። እንግዳ ሊመጣ ሲል መደቡ ዙሪያ ድንጋይ በኖራ ይቀባል፣ "አትንኩ" የሚል ይለጠፋል። ልጆቹ ማንበብ ስለማይችሉ ይነካሉ፣ ከዚያ ይገሠጻሉ። ጎመኑ ለፎቶ አይደለም እኮ። ይረግጡት፣ ይንቀሉት፣ ትሉን ይቁጠሩት። አንድም ቅጠል ሳይቀደድ የከረመ መደብ ካየሁ፣ እዚያ ልጅ እንዳልገባ አውቃለሁ።

ጎመኑን የቆረጥነው ጥር ላይ ነው። እናቴ በመስቀል "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ስትል ትዝ ይለኛል። ለእሷ ጎመን የክረምት የችግር ምግብ ነበር፤ እህል እስኪደርስ የሚያሻግር። እኔ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሳህኑ ላይ አረንጓዴ የሆነ ነገር ሁሉ ለቅሞ ጥግ የሚያስቀምጥ ልጅ አለ። መጋቢ እናቶች የኛን ጎመን ከትልቁ ድስት ጋር ቀላቅለው ሠሩት። ያ ልጅ በጣቱ እየፈለገ "የኛ የቱ ነው? የኛ የቱ ነው?" ይላል። አንዷ መጋቢ "ይሄ ነው የኔ ጌታ" ብላ አጎረሰችው። በላው። በማግስቱ እንደገና መልቀም ጀመረ፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ያን ቀን በልቷል።

አባባ አሁን ከበሩ መጡ። መደቡን አይተው "ክረምቱን ባዶውን አናሳድረውም" አሉ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጥጉን ጤፍ ሊዘሩበት ነው። ዘሩን በወረቀት ቋጥረው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል። መዳፌ ላይ ቆንጠር አድርገው ሰጡኝ፤ ያቺ ቁንጣሪ ብቻ ሊቆጠር የማይችል ፍሬ አላት። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ ጉልበታቸው ድረስ ይሆናል። ኅዳር ላይ ማጭድ ይዘው እንደሚያሳዩአቸው ነገሩኝ። "ከሱቅ" ያሉኝ ልጆች ያኔ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ክፍላቸው በዚያ በኩል ባለው ሕንፃ ነው። መምህራቸውን አስፈቅጄ አመጣቸዋለሁ።