117ቱን ትቼ አንዱን ዝናብ

እ.ኤ.አ. በ2024 የፀደይ ወራት የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ሙዚየም የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሂሮሺጌን «መቶ የኤዶ ዝነኛ ሥፍራዎች» ከማኅደሩ አውጥቶ ሰቀለ። ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ስሙ መቶ ይበል እንጂ፣ እንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙት ሥዕሎች 118 ናቸው። ስብስቡ ለሕዝብ ሲታይ ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቀለሙ ብርሃን አይችልም፤ ዕድሜውን የሚገፋው ጨለማ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ፊት አለፍኩ። አዳራሹ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰው ይጋፋል፣ እኔም በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ቤት ገብቼ «ምን አየሽ?» ስባል ድልድይ፣ ዛፍ፣ በረዶ... ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ። በጣም ከፋኝ።

በሳምንቱ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ተመለስኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዓይኔ ብርሃኑን እስኪለምደው ትንሽ ቆየሁና አንድ ሥዕል ብቻ ለማየት ወሰንኩ፦ ኦሃሺ ድልድይ ላይ ድንገት የወረደውን ዝናብ። የ1857 ሥራ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ በዘይት ቀለም የቀዳው።

ዝናቡ ቀጫጭን መስመር ነው። መስመሯ ግን እንጨቱ ላይ የተቆፈረች አይደለችም። ዙሪያዋ ሁሉ ተፍቆ እሷ ብቻ እንደ ፀጉር ቆማ የቀረች ናት። የቀራጩ ቢላ ቢያዳልጥ አለቀላት። መስመሮቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ አይወርዱም፤ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ገደድ ብሎ ያልፋል። ነፋሱ የተሰማኝ ከዚያ ነው። ከላይ ያለውን ጥቁር ደመና አታሚው እንጨቱን አርሶ፣ ቀለሙን በብሩሽ እያሳሳ ያመጣዋል። ለእያንዳንዱ ቅጂ እንደ አዲስ ስለሚሠራ የአንዱ ደመና ከሌላው ልክ አይገጥምም። በሂሮሺጌ ስም እንጠራዋለን እንጂ ይህን ዝናብ ያዘነቡት ቀራጩና አታሚውም ናቸው። እኔ እንዲህ ዓይነት ኤግዚቢሽን ለሚሄድ ሰው የምለው ይህንን ነው፦ ሥዕሉን ብቻ አትይ፣ እጆቹን ፈልግ።

ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እናቴን ይዣት ሄድኩ። ስለ መስመሩ፣ ስለ ደመናው አንድ በአንድ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ ወንዙ ቀሰረች።

«ድልድዩ ላይ ያሉትስ ይሮጣሉ» አለች። «ይሄ ታንኳው ላይ ብቻውን የቀረው፣ የት ይጠለል?»

ያን ሰው እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላልኩትም ነበር።