የመኪና መስታወት ማንሻ ለምን ይሰበራል? ሲቀየርስ ምን መታየት አለበት?

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና መስታወት አንድ ቀን ግማሽ ላይ ቆሞ አልወጣም ሲል፣ ብዙዎቻችን ሞተሩ ተቃጥሏል ብለን እንደመድማለን። ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ወንበሩን እንዳያበሰብሰው፣ መኪናውም መስታወቱ ክፍት ሆኖ እንዳያድር ስለምንቸኩል፣ ሳንመረምር ዕቃ ወደ መግዛት እንሄዳለን። በቅርቡ የእናቴን መኪና የሾፌር በር መስታወት ማንሻ፣ ማለትም በሞተሩ ኃይል መስታወቱን የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ክፍል፣ ግቢያችን ውስጥ ራሴ ቀይሬዋለሁ። አፈታቱን ለሚፈልግ ሰው እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ከአፈታቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ማንሻው ለምን እንደተሰበረ ነው፣ ምክንያቱ እዚያው በሩ ውስጥ ከቀረ አዲሱንም ይሰብረዋልና።

ምርመራው የሚጀምረው በጆሮ ነው። ስዊቹ ሲነካ ከበሩ ውስጥ የሞተር ድምፅ እየተሰማ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ማንሻው ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ስዊቹን፣ ከዚያም በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች ማየት ይገባል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እነዚህ ሽቦዎች ስለሚተጣጠፉ፣ ከዓመታት በኋላ የላይኛው ልባስ ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ሊበጠስ ይችላል። ስዊቹን እንደያዙ በሩን ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት ይህን ያጋልጣል። ባለ ሁለት ሽቦ የሆነው የተለመደው ሞተር አቅጣጫውን የሚቀይረው ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ ሲለዋወጡ ነው፤ ስለዚህ የሞተሩ ሶኬት ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተደርጎ ስዊቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 12 ቮልት የሚጠጋ ኃይል መታየት አለበት። ኃይሉ እየደረሰ ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ያን ጊዜ ሞተሩን መጠርጠር ይቻላል።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ሌላ ምልክት አለ። መስታወቱ ሁለት ሦስቴ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ ይቆማል፤ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይሠራል። ይህ ባብዛኛው ሞተሩ ውስጥ ካለው የሙቀት መከላከያ የሚመጣ ነው። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጎትት ይግላል፣ መከላከያው ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ሞተር መስታወቱ ከብዶብኛል እያለ ነውና፣ በጊዜው የሰማው ሰው ብዙ ወጪ ይቀንሳል።

የእናቴ መኪና ሞተር ይጮሃል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም ነበር። ማንሻው በሽቦ ገመድ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ገመዱ በላይና በታች ባሉ የፕላስቲክ መዘውሮች ዞሮ መስታወቱን የያዘውን ክፍል ይጎትታል። አውጥቼ ሳየው የላይኛው መዘውር ጠርዝ ተሰብሯል፤ ገመዱም ከቦታው ወጥቶ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጣጥሰው እንደ እሾህ ቆመዋል። ጓንት ሳያደርጉ እንዲህ ያለውን ገመድ መንካት ጣትን ያስወጋል። ሁለተኛው ዓይነት ማንሻ በመቀስ ቅርጽ የተሠራው ሲሆን፣ እርሱን የሚፈታ ሰው አንድ ነገር በጥብቅ ሊያውቅ ይገባል፤ ብዙዎቹ የመስታወቱን ክብደት የሚያግዝ ጠንካራ የተጠቀለለ ሞላ አላቸው። ሞላው በተወጠረበት ሞተሩ ከተፈታ ጥርስ ያለው ክንድ በድንገት ይፈናጠራል፣ ጣትም ሊቆርጥ ይችላል። ሞተሩን ከመፍታት በፊት ክንዱን ከመደቡ ጋር በብሎን ወይም በጠንካራ ማሰሪያ አጥብቆ ማሰር የግድ ነው።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስሄድ አሮጌውን ይዤ ነበር። ሻጩ ወጣት ገና ሳያየው፣ «ጋሼ፣ የግራ ነው የቀኝ? ከነሞተሩ ነው ለብቻው?» አለኝ። «የፊት ግራ ነው ወንድሜ፤ ሞተሩ ደኅና ነው» ብዬ አሮጌውን ሰጠሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ የሞተሩን መቀመጫና የገመዱን አሄድ አንድ በአንድ አመሳከረ፤ እንደዚህ የሚያደርግ ሻጭ ያስመሰግናል። የግራና የቀኝ ማንሻ አይለዋወጥም። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪኖች ላይ ደግሞ የሾፌሩ ሞተር የሆነው በሌላኛው በር ሊገኝ ስለሚችል፣ የሞዴሉን ስም ብቻ ተናግሮ መግዛት አያዋጣም። አዲስ ወይስ ያገለገለ ለሚለው የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ የመቀሱ ዓይነት ከሆነ ጥርሱ ያልተበላ ያገለገለ ኦርጅናል እመርጣለሁ፤ በገመድ የሚሠራው ከሆነ ግን ፕላስቲኩም ገመዱም ከተሰበረው እኩል ያረጀ ሊሆን ስለሚችል አዲስ እገዛለሁ።

አፈታቱ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በመክፈቻው እጀታና በእጅ ማሳረፊያው ሥር የተደበቁት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ከዚያ የውስጥ ሽፋኑ ከሥሩ ጀምሮ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ከመያዣዎቹ ይላቀቃል፣ ወደ ላይ ተነሥቶም ሶኬቶቹ ይነቀላሉ። መስታወቱን የያዙት ብሎኖች ባብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። እነርሱ ከመፈታታቸው በፊት መስታወቱ በሰፊ ፕላስተር ከበሩ ፍሬም ጋር በውስጥም በውጭም መታሰር አለበት፤ የጎን መስታወት መሀሉ ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ሲመታ በአንድ ጊዜ ይረግፋል። እጅ በሩ ውስጥ ባለበት ጊዜ ሁሉ የሞተሩ ሶኬት ተነቅሎ ይቆይ።

ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ በብዙ መኪና ላይ ተቀዶና ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። የዝናብ ውኃ በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ መግባቱ ያለ ነው፤ በሩ የተሠራው ውኃው በሥር ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ ሆኖ ነው። ላስቲኩ ከሌለ ግን ውኃው ወደ ሽፋኑና ወደ ወለሉ ምንጣፍ ይሄዳል፣ ሽታና ሻጋታም ይከተላል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የጎን ኤርባጉ ግጭትን የሚያውቀው በሩ ውስጥ ባለው የአየር ግፊት ለውጥ ስለሆነ፣ የበሩ ሽፋን በደንብ መታሸጉ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጥቁሩ ማጣበቂያ በትንሹ ሲሞቅ ላስቲኩ ሳይቀደድ ይለቃል፣ ሲመለስም ይይዛል።

ወደ ዋናው ምክንያት ልምጣ። መስታወቱ የሚንሸራተትባቸው የጎማ መሄጃዎች በበጋው አቧራ ተሞልተው ነበር። አቧራው በየክረምቱ እየረጠበና እየደረቀ ጎማውን ሻካራ አድርጎታል፤ ሞተሩ በጎተተ ቁጥር ያን ሁሉ ትግል የተሸከሙት ገመዱና ፕላስቲኩ መዘውር ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ማንሻ ከመግባቱ በፊት መሄጃዎቹን እርጥብ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጠቅልዬ እስኪጠሩ ድረስ አጸዳኋቸው፣ ሲደርቁም የሚያንሸራትት የሲሊኮን ስፕሬይ ነፋሁባቸው። የሞተር ዘይትም ሆነ ተራ ግራሶ እዚያ መግባት የለበትም፤ ጎማውን ያሳብጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። መስታወቱን በእጄ ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅሰው ያለ ትግል መሄዱን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው ማንሻውን ያሰርኩት።

አገጣጠሙ ላይ ብሎኖቹ ወዲያው አይጠበቁም። በግማሽ ታስረው መስታወቱ እስከ ላይ ይውጣ፣ በመሄጃዎቹ መካከል ራሱን ያስተካክል፣ ከዚያ ይጠበቁ፤ ተጣምሞ የታሰረ መስታወት አዲሱን ማንሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያደክመዋል። ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት መስታወቱም፣ የበሩ ቁልፍም፣ እጀታውም ይሞከሩ። በአንድ ንክኪ እስከ ላይ የሚወጣ መስታወት ከሆነ፣ ባትሪው ወይም ሞተሩ ከተነቀለ በኋላ የላይኛውን ጫፍ እንደገና መማር ሊያስፈልገው ይችላል። በብዙ መኪኖች መስታወቱ ከተዘጋ በኋላ ስዊቹን ወደ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ ማቆየት ይበቃል፣ የመኪናውን መመሪያ ማየት ግን ይሻላል። ይህ ሳይደረግ መስታወቱ እጅ ወይም አንገት ሲያገኝ ወደ ታች የሚመለስበት መከላከያ ላይሠራ ይችላል። አሜሪካ እንዲህ ላለው በራሱ ለሚዘጋ መስታወት በደኅንነት ደንቧ ያስቀመጠችው የግፊት ወሰን 100 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነው። መመለሱን የሚሞክር ሰው የተጠቀለለ ጋዜጣ ያስገባ፤ እጁን በፍጹም አያስገባ።